ሉኪሚያ ያለበት ልጅ ትኩሳት ሲይዘው ሦስት ቀን አይጠበቅም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ከግሩፕ ወደ ግሩፕ እየዞረ ነው። የሚያወራው ስለ ደም ካንሰር፣ ማለትም ስለ ሉኪሚያ፣ እና ሕክምና ጀምረው በኢንፌክሽን ስለሚሞቱ ልጆች ነው። ለእኔም ብዙ ሰው ልኮልኛል። ከላኩልኝ መካከል ልጃቸው አሁን ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ ላይ ያለ አንዲት እናት ይገኙበታል። እኔ በሕፃናት ካንሰር ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሌላ ሰው ብቻ ቢልክልኝ ኖሮ ምናልባት አልፈው ነበር። እሳቸው ግን «ታዲያ ምን ላድርግ?» ብለው ነው የላኩልኝ።

ጽሑፉን ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው የወላጅ ሐዘን የገባቸው ሰው እንደሆኑ ያስታውቃል። የሚሉት በአጭሩ ይኸው ነው። ሉኪሚያ የያዛቸውን ልጆች የሚገድለው ካንሰሩ ሳይሆን ኬሞው ነው፤ ለዚህም ማስረጃው የኢንፌክሽኑ ብዛት ነው፤ ስለዚህ ኢንፌክሽን ሲመጣ ኬሞው ይቁም። ልጁ ትኩሳት ሲይዘው ሰውነቱ እየታገለ ስለሆነ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ሦስት ቀን መጠበቅ ይሻላል። ሐኪሞች ጀርሙን ሳያውቁ ከባድ አንቲባዮቲክ ይሰጣሉ፤ ምርመራው ብዙ ጊዜ «ምንም አልተገኘም» ስለሚል መድኃኒቱ ከንቱ ነው፣ ጀርሞችንም ያላምዳል፤ ለምን እንደሚሰጡትም አያስረዱም። ኢንፌክሽኑ የሚገኘው ከሆስፒታል ስለሆነ ልጁን ቤት ማቆየት ይበጃል። መከላከያውን በማር፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በጥቁር አዝሙድ፣ በጥሬ ወተትና በእርጎ መገንባት ይቻላል። የሚፈራ ወላጅ ደግሞ አንቲባዮቲክ ገዝቶ አስቀድሞ ቢሰጥ ይሻላል።

በቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ከጽሑፉ ውስጥ ልክ የሆነ ነገርም ስላለ እሱንም እናገራለሁ።

ኬሞ የሰውነትን መከላከያ ያወርዳል? አዎ፣ ያወርዳል። ይህን የሚክድ ሐኪም የለም። ኢንፌክሽን ትልቅ ገዳይ ነው መባሉም እውነት ነው። በብሪታንያ ዩኬኦል 2003 በተባለው ጥናት 3,126 ልጆችና ወጣቶች ለሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ ታክመዋል። ይህ በልጆች ላይ ከሁሉም የሚበዛው የሉኪሚያ ዓይነት ነው። ከእነሱ ውስጥ በጠቅላላው 249 ሞተዋል። ከሞቱት ደግሞ 75ቱን የገደላቸው ኢንፌክሽን ነው፤ በአብዛኛውም ባክቴሪያ። መድኃኒትና ላቦራቶሪ በተሟላበት አገር እንኳ እንዲህ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው የፈሩት ነገር ባዶ ፍርሃት አይደለም።

ግን ያንኑ ጥናት ከሌላው ወገንም እንየው። 249 ሲሞቱ ከ2,800 በላይ የሚሆኑት ውጤቱ ሲጠና በሕይወት ነበሩ። ያለ ኬሞ ስንቶቹ ይኖሩ ነበር? ይህን ለማወቅ መገመት አያስፈልግም፤ ኬሞ ያልነበረበትን ዘመን እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲድኒ ፋርበር የተባሉ የቦስተን ሐኪም አሚኖፕተሪን የሚባል መድኃኒት ለ16 ልጆች ሰጥተው 10ሩ እንደተሻላቸው ጻፉ። ያውም ለጊዜው ነው፤ በሽታው ተመልሶ መጥቷል። ያንን ያህል ነገር ብርቅ የሆነው ከዚያ በፊት አጣዳፊ ሉኪሚያ የያዘው ልጅ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይሞት ስለነበር ነው። በምን ይሞት ነበር? በመድማትና በኢንፌክሽን። አንዲት ጠብታ ኬሞ ሳይቀምስ።

የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያን ቀድመው የሚዋጉት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሶች ናቸው። ደም ውስጥ የሚቆዩት አንድ ቀን እንኳ ስለማይሞላ መቅኔ ያለ ዕረፍት አዲስ ማምረት አለበት። ሉኪሚያ ደግሞ መቅኔውን በማይሠሩ ሕዋሶች ይሞላዋል። የልጁ ነጭ ደም በወረቀቱ ላይ 80,000 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ከዚያ ውስጥ የሚዋጋው ግን ኢምንት ሊሆን ይችላል። ብዙ ልጆች ወደ እኛ የሚመጡት ገና ኬሞ ሳይጀምሩ ትኩሳት ይዟቸው ነው። ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው ሲባሉ ከርመው የሚመጡም አሉ። እነዚህን ልጆች ኢንፌክሽን ላይ የጣላቸው ምን ኬሞ ነው?

ኢንፌክሽን ሲመጣ ኬሞ ይቁም የሚለውስ? ልጁ በጠና ሲታመም ሐኪሞች ኬሞውን ለጊዜው ያቆማሉ፣ ወይም መጠኑን ይቀንሳሉ። ይህ የተለመደ አሠራር ነው። በራስ ውሳኔ ጨርሶ ማቋረጥ ግን ሌላ ነገር ነው። የሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ ሕክምና ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል። ልጁ በመጀመሪያው ወር ወፍሮ፣ ፊቱ ሞልቶ፣ መጫወት ሲጀምር የዳነ ይመስላል። አልዳነም። መሀል ላይ ሲቋረጥ ካንሰሩ ይመለሳል፤ መቅኔው እንደገና ይሞላል፤ ኢንፌክሽኑም አብሮ ይመጣል። ሁለተኛ ዙር ላይ ደግሞ ለማዳን በጣም ይከብዳል።

አሁን በጣም ወዳሳሰበኝ ነጥብ ልምጣ። ፓራሲታሞል ሰጥቶ ሦስት ቀን መጠበቅ።

ጤነኛ ልጅ ጉንፋን ቢይዘው ይህ ምክር ብዙ ጊዜ ክፋት የለውም። ጸሐፊው እንዳሉትም ትኩሳት የሰውነት መከላከያ ምልክት ነው። ችግሩ እዚህ ያለው ልጅ የሚታገልበት ነገር የሌለው መሆኑ ነው።

ሲቢሲ የሚባለውን የደም ምርመራ ወረቀት እዩት። «ነጭ ደም 2,000» ይላል እንበል። ወላጅ ይህን አይቶ «ትንሽ ዝቅ ብሏል» ይላል። ግን ከሥሩ ኒውትሮፊል 10 በመቶ የሚል አለ። የ2,000 አሥር በመቶ 200 ነው። ልጁ ባክቴሪያን የሚዋጋበት በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 200 ሕዋስ ብቻ ነው ማለት ነው። ከ500 በታች ሲሆን አደጋው ይንራል፤ ከ100 በታች ሲሆን ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። ይህ ከታወቀ ቆይቷል። ጄራልድ ቦዲ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው ያሳዩት።

በእንደዚህ ዓይነት ልጅ ላይ ኢንፌክሽን እንደምናውቀው አይመስልም። መግል የሚሠራው ከኒውትሮፊል ስለሆነ እነሱ ከሌሉ መግልም የለም። ካኑላ፣ ማለትም መድኃኒት የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ፣ የገባበት እጅ ትንሽ ቀላ ብሎ፣ ሲነካ ብቻ ያመዋል። ሳንባው ውስጥ ኢንፌክሽን እያለ ራጁ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ብዙ ጊዜ ያለን ምልክት አንድ ነው፤ እሱም ትኩሳት። ያንን አንድ ምልክት በፓራሲታሞል ስናጠፋው ምን ቀረን? ባክቴሪያው እንደሆነ በፓራሲታሞል አይሞትም። ደም ውስጥ መራባቱን ይቀጥላል። ጠዋት ላይ ትኩሳት ብቻ የነበረው ልጅ ማታ ላይ እጅ እግሩ ቀዝቅዞ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ የደም ግፊቱ ወርዶ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ሆኖ የመጣን ልጅ መመለስ በጣም ከባድ ነው። ለዚህ ነው በዓለም ዙሪያ የሕፃናት ካንሰር ክፍሎች የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ ልጁ በደረሰ በ60 ደቂቃ ውስጥ ለመስጠት የሚሯሯጡት። የሚቆጠረው ደቂቃ በሆነበት ቦታ ጸሐፊው ሦስት ቀን ይላሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። በሕክምናው የመጀመሪያ ወር ልጆቹ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን ይወስዳሉ። እነዚህ መድኃኒቶች ትኩሳትን ሊደብቁ ይችላሉ። ደሙ በባክቴሪያ የተበከለ ልጅ ቴርሞሜትሩ 37 ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ በዚያ ወር ትኩሳት ባይኖርም እንኳ ልጁ ከወትሮው በላይ ካንቀላፋ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ እጅ እግሩ ከቀዘቀዘ መሄድ ነው። እናት «ዛሬ ልጄ ልጄን አልመሰለኝም» ካለች ለእኔ እሱ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ክስ ሐኪሞች ጀርሙን ሳያውቁ መድኃኒት ይሰጣሉ የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ሳያውቁ ይሰጣሉ። ግን በዘፈቀደ አይደለም። የደም ካልቸር ሲወሰድ ደሙ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ባክቴሪያው እስኪያድግ ይጠበቃል። ብዙውን ጊዜ አንድና ሁለት ቀን ይፈጃል። በፊት በፊት ሐኪሞች ይህን ውጤት ይጠብቁ ነበር። ስዩዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ደማቸው ውስጥ የገባ ብዙ ሕሙማን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 እነ ስቲቨን ሺምፍ ትኩሳት እንደታየ ወዲያው ካርቤኒሲሊንና ጄንታሚሲን መስጠት የሚያስገኘውን ውጤት አሳተሙ። ከዚያ በኋላ መጠበቁ ቀረ። ዛሬ መድኃኒቶቹ ተቀይረዋል፤ ፒፐራሲሊን ታዞባክታም፣ ሴፈፒም፣ ሲብስ ደግሞ ሜሮፔኔም ነው። ሐሳቡ ግን ያው ነው። የሚመረጡትም እነዚህን ልጆች የሚያጠቁት ባክቴሪያዎች ስለሚታወቁ ነው። ኢ. ኮላይ፣ ክሌብሲየላ፣ ስዩዶሞናስ፣ ስታፍና ስትሬፕ የሚባሉት ናቸው።

«ምንም አልተገኘም» ማለት ደግሞ «ምንም የለም» ማለት አይደለም። ትኩሳት ይዟቸው ከሚመጡት ውስጥ ካልቸሩ ጀርም የሚያሳየው በጥቂቶቹ ላይ ነው። ከትንሽ ልጅ የሚቀዳው ደም ትንሽ ነው። መንገድ ላይ ከፋርማሲ ተገዝቶ የተሰጠው አሞክሳሲሊን ባክቴሪያውን ሳይገድለው ጠርሙሱ ውስጥ እንዳያድግ ያደርገዋል። ከካልቸሩ በፊት ማናቸው ባዶ እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው የለም። ሁሉም ሲገቡ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ትኩሳት ያለው፣ የተዳከመ ልጅ።

ስለ መድኃኒት መላመድ ያነሱትን ግን ከልቤ እቀበለዋለሁ። እዚህ አገር ሴፍትሪያክሶን የሚባለው አንቲባዮቲክ ለሁሉም ነገር እየተወጋ ኖሯል። መድኃኒት የማይበግረው ክሌብሲየላ ክፍሎቻችን ውስጥ አለ። በዚህ ምክንያት ያጣናቸው ልጆች አሉ። መፍትሔው ግን ኒውትሮፊል የሌለውን ልጅ ማስጠበቅ አይደለም። ከመጀመሪያው ዶዝ በፊት ካልቸር መውሰድ፣ ውጤቱ ሲመጣ መድኃኒቱን ማጥበብ፣ ልጁ ሲሻለው በጊዜ ማቆም፣ እጅ መታጠብ ነው። ጀርሞች መድኃኒትን የሚላመዱት ሌላ ቦታም ነው፤ ለጉንፋኑ፣ ለጉሮሮው፣ ያለ ማዘዣ በሚሸጠው።

ሐኪሞች አያስረዱም ማለታቸውም ልክ ነው። አንድ አባት የሜሮፔኔም ማዘዣ ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞር አምሽቶ፣ ተበድሮ ገዝቶ ይመጣል። በማግስቱ «ካልቸሩ ነጌቲቭ ነው» ተብሎ ዝም ይባላል። ያ ሰው ተታለልኩ ቢል እንዴት ይፈረድበታል? ለምን እንደተሰጠ ቁጭ ብሎ የሚነግረው ሰው ያስፈልገው ነበር። ጊዜ የለንም እንላለን። ይህ ምክንያት ለእሱ ምንም አያደርግለትም።

ኢንፌክሽኑ የሚመጣው ከሆስፒታል ነው ለሚለው መልሴ ግማሽ አዎ፣ ግማሽ አይ ነው። የተጨናነቀ ክፍል፣ ውሃ የሚጠፋበት ቧንቧ፣ ከአልጋ አልጋ የሚሄድ ያልታጠበ እጅ፣ እነዚህ ሁሉ ጀርም ያሻግራሉ። ወላጅ ነርሷን «እጅሽን ታጠቢ» ቢላት አይከፋንም፤ ይበሉን። ይሁን እንጂ እነዚህን ልጆች የሚያጠቃው ባክቴሪያ በአብዛኛው የሚመጣው ከራሳቸው ገላ ነው። ኬሞው የአፍንና የአንጀትን ስስ ሽፋን ያቆስላል። አንጀት ውስጥ በሰላም ይኖር የነበረው ኢ. ኮላይ በቁስሉ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። ልጁን ቤት ብትዘጉበትም አንጀቱ አብሮት ነው። ቤት ማቆየት የሚጠቅመው ደህና በሆነ ጊዜ ነው፤ ያኔ እኛም ቶሎ ወደ ቤቱ ብንሸኘው ደስ ይለናል። ትኩሳት በያዘው ሰዓት ግን ቤት መቆየት የመጀመሪያውን ዶዝ ማዘግየት ብቻ ነው።

ምግቡን በተመለከተ ማሩን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ጥቁር አዝሙዱን እንደ ጠላት አላያቸውም። ወጥ ውስጥ የበሰለ ሽንኩርት ይብላ። ግን አንዳቸውም ኒውትሮፊልን ከ200 ወደ 1,000 አያወጡም። ጥሬ ወተቱና ከጥሬ ወተት የተረጋው እርጎ ደግሞ አደጋ ናቸው። ሕያው ባክቴሪያ አለባቸው፤ ጤነኛ ሆድ የሚችለው ያ ባክቴሪያ በዚህ ልጅ ደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ወተቱ ይፈላ። ሥጋው በደንብ ይብሰል፤ ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ ይቅር። ፍራፍሬው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይላጥ። ከዚህ ያለፈ ክልከላ አያስፈልግም። ልጁን ሰላጣና ፍራፍሬ ጨርሶ መከልከል ከንጹሕ አያያዝ የበለጠ ጥቅም እንዳለው አልታየም። የተጎዳ ልጅ ደግሞ መብላት አለበት። በቅጠላ ቅጠል የሚዘጋጅ መጠጥ ለመስጠት ያሰበ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ይንገረን። ከኬሞዎቹ መካከል ጉበትን የሚነኩ አሉና።

ጽሑፉ ውስጥ ባይኖርም እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥል የሚያስቆርጡ አሉ። ሉኪሚያ ያለበት ልጅ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ሊያንሰው ስለሚችል ደሙ ላይቆም ይችላል። ለባክቴሪያም አዲስ በር ይከፈትለታል። እባካችሁ። ፀበል መውሰድ የሚፈልግ ቤተሰብም አለ። እምነቱን አከብራለሁ፤ እኔም የምጸልይ ሰው ነኝ። ትኩሳት በያዘው ቀን ግን መጀመሪያ ሆስፒታል።

የመጨረሻው ምክር አንቲባዮቲክ ገዝቶ አስቀድሞ መስጠት ነው። ከጀርባው እውነት አለው። ልጆቹ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የሚወስዱት ኮትሪሞክሳዞል ለመከላከያ ነው፤ አንድ ከባድ የሳንባ ምች እንዳይዛቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናትም ለኢንፌክሽን ይበልጥ በተጋለጡ የሉኪሚያ ልጆች ላይ ሊቮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ በደም ውስጥ የሚገኝ ባክቴሪያን ከ43 በመቶ ወደ 22 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ግን እነዚያ ማይሎይድ የሚባለው ሉኪሚያ ያለባቸው ወይም ሕመሙ የተመለሰባቸው ልጆች ናቸው። የሚሰጣቸውም ለተወሰነ ጊዜ፣ በክትትል ነው። ለሁሉም ልጅ፣ ሁልጊዜ፣ በግምት የሚሰጥ ነገር አይደለም። መድኃኒቱን የወሰዱትም ቢሆኑ ከአምስት አንዱ ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ ተገኝቶበታል። ስለዚህ መከላከያ እየወሰደ ያለ ልጅም ትኩሳት ሲይዘው ያው ይመጣል።

ለጠየቁኝ እናትና ለመሰሎቻቸው መልሴ ይኸው ነው። ቴርሞሜትር ቤት ይኑር። በብብት ይለካ፤ በፊንጢጣ ግን አይለካ፣ በዚያ የሚገባ መድኃኒትም አይሰጥ፣ ያቆስላልና። 38 ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በዓልም ቢሆን ይነሱ። ፓራሲታሞሉ የልጁን ትኩሳት ባለሙያ ለክቶ ካየው በኋላ ይደርሳል። የሕክምና ደብተሩንና የመጨረሻውን ሲቢሲ ይያዙ። በር ላይም ካርድ ክፍልም «ልጄ ኬሞ ላይ ነው፣ ትኩሳት አለው» ይበሉ፤ ወረፋ ጠብቁ ቢባሉም ደግመው ይበሉት። ከአዲስ አበባ ርቀው ያሉ ደግሞ አውቶቡስ አይጠብቁ። አቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ይግቡ፤ እዚያ ያለው ሐኪም ከሚከታተለው ቡድን ጋር በስልክ ተነጋግሮ የመጀመሪያውን ዶዝ ሰጥቶ ይላከው።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። ጽሑፉ አሁንም እየተላለፈ ነው፤ የሚያነቡትም ልጃቸውን አቅፈው የሚጨነቁ ሰዎች ናቸው። ሌላውን እንከራከርበት፤ ስለ መድኃኒት ዋጋም፣ ስለ ክፍሎቻችን ንጽሕናም ብንነጋገር አብሬዎት ነኝ። ሦስት ቀን ይጠበቅ የሚለውን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያውጡልን።